ቀልብ እንዲሰበሰብ ስልኩ ከክፍሉ ይውጣ

«ቀልብህን ሰብስብ!» የሚለውን ተግሣጽ ለልጆቻችን በቀን ስንት ጊዜ እንደምንናገር ቆጥረን አናውቅም። የምንናገረው ግን ብዙውን ጊዜ ቴሌቪዥኑ እየጮኸ፣ በእጃችን ያለው ስልክም የዋትሳፕ መልእክት እየጠራ ነው። በሐዴራ የምንኖር ወላጆች በዚህ ላይ ብንነጋገር መልካም ነው። ጉዳዩ የልጆች የቤት ሥራ ብቻ ሳይሆን የእንጀራችንም ነውና።

መንጃ ፈቃድን እንውሰድ። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው አውቶቡስ በሌለበት ሰዓት ሥራው ቦታ ለመድረስ መኪና ያስፈልገዋል። ቴኦሪያ የምንለው የጽሑፍ ፈተና 30 ጥያቄዎች አሉት፤ በ40 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ 26ቱን በትክክል መመለስ ግድ ነው። በአማርኛም መፈተን ይቻላል። ታዲያ በገዛ ቋንቋችን ተፈትነን ለምን እንወድቃለን? ከሥራ ደክሞ ገብቶ፣ በአንድ እጁ መጽሐፉን በሌላው ስልኩን ይዞ ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ሰው አጠናሁ ይላል እንጂ አላጠናም። ከሌሊት ፈረቃ የተመለሰ ደግሞ መጀመሪያ ይተኛ።

በ2017 የአሜሪካው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 800 የሚጠጉ ሰዎችን ፈትነው ነበር። የሁሉም ስልክ ድምፁ ተዘግቷል። እንዲያም ሆኖ ስልካቸውን ሌላ ክፍል የተዉት፣ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት የተሻለ ውጤት አመጡ።

ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ ተማሪ ደግሞ በ1980ዎቹ መጨረሻ የቲማቲም ቅርጽ ባለው የወጥ ቤት ሰዓት 25 ደቂቃ እየለካ ያጠና፣ ከዚያ ጥቂት ያርፍ ነበር። እኛ ሰዓት መግዛት አያስፈልገንም፤ ቡናችን አለ። ቡናው መቆላት ከጀመረ አቦል እስኪቀዳ አንድ ዙር፣ ከአቦል እስከ ቶና ሁለተኛ፣ ከቶና እስከ በረካ ሦስተኛ። በመካከሉ የሚያጠናውን ማንም አይጥራው፤ ሲኒው ሲቀርብ ይረፍ። (የምታጠናው እናት ከሆነች በዚያ ቀን ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላ።)

«ያለ ስልክ አይሆንም፣ ሰው ይፈልገኛል» የሚሉ አሉ። አንቀበለውም። ብዙ ቤተሰቦቻችን ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ ስልክ አይነኩም፤ የፈለጋቸውም ሰው ይጠብቃል። ከማክሰኞ ማታ አንድ ሰዓት መቁረጥ ከዚህ አይከብድም። ቤቱ ጠባብ ሆኖ ጸጥታ ከጠፋ የከተማው ቤተ መጻሕፍት አለ።

ልጁ ይህ ሁሉ ተደርጎለት ቀልቡ እንቢ ካለ ወደ ቤተሰብ ሐኪሙ እንውሰደው። ትኩረት ይጨምራል እየተባለ በስልክ የሚሸጥልንን ክኒን ግን አንግዛ። አያቶች ተግባብተው የገዙ እንደሆነ ደረሰኙን አይጣሉት፤ በስልክ የተደረገ ግዢ አብዛኛውን ጊዜ በ14 ቀን ውስጥ፣ ዕድሜያቸው 65 ለሞላ ደግሞ በ4 ወር ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል። ስረዛውን በጽሑፍ መላክ ይሻላል።