መደገፊያው ነፋስ አያቆምም
«ጠመንጃ ባለ ሁለት እግር መደገፊያ ላይ ካረፈ በ600 ሜትር አይስትም፤ ያረጁ ዋልያዎችን ለአዳኞች እንሽጥ» የሚለው ጽሑፍ ከመሠረቱ ስህተት ነው። መደገፊያው አፈሙዝ ያረጋጋል እንጂ ነፋስ አያቆምም። ረፋድ ላይ ከዛሪማ ቆላ የሚነሳው ሞቃት አየር የስሜን ተራሮችን ገደል እየታከከ ሽቅብ ሲወጣ ጥይቱን ከመስመሩ ያስወጣዋል። ቁልቁል ሲተኮስ የአግድሙን ርቀት ያላሰላ ተኳሽ ከዒላማው በላይ ይመታል። ዓለት ላይ የቆመ የመደገፊያው እግርም ሲተኮስ ይነጥራል። ደግሞስ ጥይቱ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ዋልያው በዚያች ቅጽበት አንድ እርምጃ ከተራመደ ሆዱን ይመታና ቆስሎ ማንም በማይወርድበት ገደል ይገባል። ከስሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የሌለውን እንስሳ ለዚህ አሳልፎ መስጠት ነውር ነው። ገንዘብ ከሆነ የተፈለገው፣ ደባርቅ ላይ ስካውትና በቅሎ ይዞ የሚወጣ ጎብኚ ለዚያው ዋልያ ዓመት ከዓመት ይከፍላል።