ከድልድዩ ሥር ያለችው መብራት

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን አሌክሳንድሪያ አክስቴ ቤት ስንሄድ የውድሮው ዊልሰንን ድልድይ እናቋርጣለን። ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት እሑድ እንዳለፍኩበት አላውቅም። የማስታውሰው ትራፊኩንና እናቴ በስልክ "ደርሰናል፣ ጀበናውን ጣጂው" ስትል ነው። ወደ ታች አይቼ ግን አላውቅም ነበር።

ባለፈው ክረምት ከአክስቴ ልጅ ጋር በእግራችን ስንዞር አየኋት። ከድልድዩ አጠገብ ጆንስ ፖይንት በሚባለው ፓርክ ውስጥ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ጣሪያዋ ላይ የመስታወት ክፍል ያላት ነጭ የእንጨት ቤት አለች። ላይትሃውስ ናት። ላይትሃውስ ሲባል በሐሳቤ የሚመጣው ውቅያኖስ ጠርዝ ላይ የቆመ ረጅም ማማ ስለነበር ገረመኝ።

መብራቷ መጀመሪያ የበራችው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው። ወደ አሌክሳንድሪያና ዋሽንግተን የሚመጡ መርከቦችን ትመራ ነበር። ፍሬኔል የሚባለው ሌንስ የትንሿን ነበልባል ብርሃን ሰብስቦ ሩቅ ያደርሰዋል። ጠባቂው ከነቤተሰቡ እዚያው ይኖር ነበር፤ ሥራው መብራቷ ሌሊት እንዳትጠፋ ማድረግ ነው። የሌሊት ተረኛ ወላጅ ያላችሁ ይህ ሥራ ይገባችኋል። በ1926 ጠባቂ በማያስፈልገው መብራት ተተካች።

ከቤቷ በታች፣ በወንዙ በኩል ባለው ግንብ ውስጥ ደግሞ አንድ ድንጋይ አለ። የአገሪቱ ዋና ከተማ መሬት ሲከለል፣ እያንዳንዱ ጎኑ 10 ማይል የሆነው አራት ማዕዘን መለካት የተጀመረው ከዚህ ነው፤ የደቡቡ ማዕዘን የተተከለው በኤፕሪል 1791 ነው። የሰሜኑ ማዕዘን የት እንዳለ ታውቃላችሁ? ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኢስት ዌስት ሃይዌይ ዳር! የእኛ ቤትና የአክስቴ ቤት በአንድ ካርታ ሁለት ጫፍ ላይ ናቸው።

በዚያ ልኬት መጀመሪያ ላይ ቤንጃሚን ባነከር ነበረበት። ነጻ ሆኖ የተወለደ ጥቁር የሜሪላንድ ገበሬ ነው፤ የከዋክብትን ሳይንስ ራሱን ያስተማረ። በ59 ዓመቱ የቀያሹ የአንድሩ ኤሊኮት ረዳት ሆኖ ሰማዩን ይከታተል ነበር። ከተማዋን እሱ ነደፋት የሚባለው ተረት ነው፤ ደግሞም አያስፈልገውም። በዚያው ዓመት ባርነትን ተቃውሞ ለቶማስ ጀፈርሰን መጻፉ ብቻውን ይበቃዋል። መብራቷ በበራችበት ዘመን ግን እዚያው አሌክሳንድሪያ፣ ዱክ ስትሪት ላይ፣ ሰው ይሸጥ ነበር። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው።

ይህን ሁሉ ለምን አነሳሁ? ወላጆቻችን "የሰው አገር ነው፤ ተማሩና ሥራችሁን ያዙ" ይሉናል። አልፈርድባቸውም፤ በሁለት ሥራ መካከል ሙዚየም የሚያይ የለም። እኛ ግን እዚህ አድገን አካባቢያችንን የምናውቀው በሀይዌይ መውጫ ቁጥር ነው። "የእኛ ታሪክ ዓድዋና ላሊበላ ነው" የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ይህን ማወቅ ያንን አይቀንሰውም።

እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ነገ ከማስታምማቸው ሰዎች መካከል ቅድመ አያቶቻቸው በዚያ ቤት የተሸጡባቸው ሊኖሩ ይችላሉ። አንድ አረጋዊ ሐኪም አላምንም ቢሉኝ፣ ታሪካቸውን ካላወቅሁ "አስቸጋሪ በሽተኛ" ብዬ አልፋቸዋለሁ። ካወቅሁ ግን ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ፦ በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎችን ስንቀበል ከምሽት ግብዣው በፊት አንድ ቅዳሜ እንመድብ። ከሲልቨር ስፕሪንጉ ድንጋይ ጀምረን ዱክ ስትሪትን አይተን ጆንስ ፖይንት እንጨርስ። ምሳችንን ሣሩ ላይ እንበላለን።

እናቴን ይዣት ሄጄ ነበር። ቤቷን ቆማ አየቻት፣ ከዚያ ቀና ብላ ድልድዩን። "ይኸን ሁሉ ዓመት በዚህ በኩል ነው የምናልፈው?" አለችኝ። ያን ቀን አክስቴ ጋ የደረስነው ቡናው ቀዝቅዞ ነው።