ከሞጣ የመጣ የካሜራ ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከሞጣ ደወለልኝ። እዚያ ፎቶ ኮፒና ጉርድ ፎቶ የሚሠራባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችው። «ጋሼ፣ አባባ ወይፈኑን ሸጠልኝ፤ ካሜራ ልገዛ ነው። ሁለት አግኝቻለሁ፣ የቱን ልውሰድ?» አለኝ።

አንደኛው ያገለገለ ካነን 2000ዲ ነው። ሌንሱ የሚነቀልና የሚቀየር፣ ብዙ ሰው «ፕሮፌሽናል ካሜራ» የሚለው፣ በስሙ ዲኤስኤልአር የሚባለው ዓይነት፤ ያውም ከርካሾቹ አንዱ። አብሮት ያለው ሌንስ 18–55 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሁለተኛውን ከዓረብ አገር የተመለሰች ሴት ናት ይዛው የመጣችው። መልኩ ዲኤስኤልአር ይመስላል፣ ሌንሱ ግን አይነቀልም፤ ዙሙ 60 እጥፍ ነው። ፈረንጆቹ ይህን ዓይነቱን ብሪጅ ካሜራ ይሉታል፤ ድልድይ ማለታቸው ነው፣ በኪስ ካሜራና በዲኤስኤልአር መካከል ስለቆመ። ሻጯ ጨረቃን አንስታ አሳይታዋለች። ጉድጓዷ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የልጁ ልብ ወደዚያ እንደሄደ ከድምፁ ያስታውቃል።

ዲኤስኤልአሩን ግዛ አልኩት። ለምን እንደሆነ ማስረዳት ስጀምር ኔትወርኩ ተቆራረጠ። ስለዚህ እዚሁ ልጽፈው። ወቅታዊ ጉዳይ ፈልጋችሁ የገባችሁ ወዳጆቼ «ካሜራ ምን አገባን?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እስቲ ትንሽ ታገሱኝ።

ድልድይ ካነሳን አይቀር ከሞጣ ልጀምር። ከሞጣ ወደ ዓባይ ወርዶ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ የፋሲለደስ ዘመን ሥራ ነው ይባላል። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ ለ60 ዓመት ያህል ሰው በገመድ እየተጎተተ ነበር የሚሻገረው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አንድ ፎቶ አየ፤ በስብራቱ ግራና ቀኝ የቆሙ ሰዎች አንዱን ሰው በገመድ ገደሉ ላይ ሲያሻግሩት። በቀጣዩ ዓመት ድልድዩ ተጠገነ። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የሚባለው፣ ዛሬ በብዙ አገር የእግረኛ ድልድይ የሚሠራው ድርጅት የተወለደው ከዚያች ፎቶ ነው። ጥገናውን በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ በምትኩ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ያችን ፎቶ የሞጣ ሰው አላነሳትም። ገመዱን ዕድሜ ልኩን ሲያየው የኖረ ሕዝብ ነው፤ ግን ካሜራ ይዞ የመጣው እንግዳ ነበር።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶች በተቃጠሉ ጊዜም እኔ ያየኋቸው ምስሎች በስልክ የተነሱ፣ የተንቀጠቀጡ፣ ማን እንዳነሳቸው የማይታወቁ ነበሩ። በማግስቱ ፌስቡክ ላይ «ይህ ሞጣ አይደለም»፣ «ነው» እየተባለ መነታረኪያ ሆኑ። ከሐምሌ 2015ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ ደግሞ በክልሉ ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ፤ ፎቶ ሊወጣ ቀርቶ የሰው ድምፅም ናፈቀን። ዛሬም ስለ ቢቸና የሆነ ነገር ሲወራ አብሮ የሚለጠፈው ፎቶ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ያረጀ ምስል ነው። እዚያው የሚኖር፣ ስሙን ከፎቶው ሥር የሚጽፍ፣ ከተጠየቀ «እኔ ነኝ ያነሳሁት» የሚል ሰው የለንም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንድ የሞጣ ልጅ የትኛውን ካሜራ ይገዛል የሚለው ለእኔ የዕቃ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ልጁ በካሜራው እንጀራ ካልበላበት ግን በስድስት ወሩ ይሸጠዋል። እንጀራው ያለው ደግሞ ሠርግ ላይ ነው።

ወደ ካሜራዎቹ እንመለስ። ካሜራ ውስጥ ብርሃን የሚቀበል ሰሌዳ አለ፤ ሴንሰር ይባላል። የ2000ዲ ሴንሰር 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው። ትልልቅ ዙም ያላቸው ብሪጅ ካሜራዎች፣ ማለትም እንደ ኒኮን ፒ900፣ ፒ1000፣ ካነን ኤስኤክስ70 ያሉት፣ 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ያላቸው። ስፋቱን አስሉት፤ የመጀመሪያው 12 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ዝናብን በሳፋ መቀበልና በሲኒ መቀበል ነው ልዩነቱ። ያ ሁሉ ዙም የሚገኘውም በዚሁ ትንሽነት ምክንያት ነው። ፒ1000 የ3000 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያህል ያቀርባል፤ ክብደቱ 1.4 ኪሎ ነው። ለትልቅ ሴንሰር ያን ያህል የሚያቀርብ ሌንስ ይሠራ ቢባል በአህያ የሚጫን ይሆን ነበር።

ቀን በፀሐይ፣ ውጭ ሜዳ ላይ ከሆነ ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ሲኒውም ይሞላል። ግን ሞጣና ቢቸና ላይ ገንዘብ የሚከፈልበት ፎቶ የሚነሳው የት ነው? ዳስ ውስጥ። ምሽት ላይ። ጭስና የሰው ትንፋሽ በሞላበት ቤት። ሌሊት ማኅሌት ላይ። መብራት ሲሄድ ደግሞ በየትም ቦታ።

ይህን ያወቅሁት አንብቤ አይደለም። የመጀመሪያ ካሜራዬ ብሪጅ ነበር፤ የምርቱን ስም ተዉት። ዲግሪዬን ይዤ በየሚዲያው በር ስንከራተት ከሰው ተበድሬ ገዛሁት። እኔንም ጨረቃ ናት ያታለለችኝ። ቢቸና ላይ የአንድ ወዳጄን እኅት ሠርግ እንዳነሳ ተጠየቅሁ። ሙሽሮቹ ዳስ ሲገቡ መሽቶ ነበር፤ መብራት ጠፋ፣ ጄነሬተሩ እስኪነሳ በፋኖስና በስልክ ባትሪ ቆየን። እናት ልጇን አቅፋ ያለቀሰችው በዚያች ሰዓት ነው፣ ሽማግሌዎቹ የመረቁትም በዚያችው ሰዓት። ቤቴ ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው የሙሽራዋ ፊት ላይ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። የሚንቀሳቀስ እጅ ሁሉ ጭጋግ ሆኗል። የሙሽራዋ አባት አልተቆጡኝም፤ አልበሙን ገልጠው ገልጠው፣ ዘግተው፣ ሂሳቤን ከፈሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ርካሹ ዲኤስኤልአር በዚያች ሌሊት ተአምር ይሠራ ነበር? ከ18–55ቱ ሌንስ ጋር ብቻ ከሆነ፣ አይሠራም። የተሻለ ግን ይሆን ነበር። ሌንሱ የሚቀየር መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ካነን 50 ሚሊ ሜትር፣ ቁጥሩ 1.8 የሆነች፣ በኪስ የምትገባ ሌንስ አለችው፤ ከአዲስ ሌንሶቹ ሁሉ ርካሿ ናት ማለት ይቻላል። ከ18–55ቱ የዙም ጫፍ ጋር ስትነጻጸር ከ9 እጥፍ በላይ ብርሃን ታስገባለች። ልጁ ዛሬ ካሜራውን፣ የዛሬ ዓመት በሠርግ ገንዘብ ሌንሷን መግዛት ይችላል። ብሪጁ ግን ዛሬ የሆነውን ነው ለዘላለም የሚሆነው። ዋናው ሴንሰሩ ከእሱ የሚሰፋ ስልክ ዛሬ ሞልቷል፤ ስለዚህ ስልክ ላለው ሰው ብሪጅ የሚጨምርለት ዙሙን ብቻ ነው።

ዙሙም ቢሆን እንደሚወራለት አይደለም። የቢቸናን ሜዳ በቀትር አይታችሁት ከሆነ፣ ከመሬቱ የሚነሳው ሙቀት አየሩን እንደ ውኃ ያንቀጠቅጠዋል። በዚያ አየር ውስጥ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለን ሰው ብታቀርቡት የሚቀርባችሁ የሚንቀጠቀጥ ጥላ ነው። ጨረቃ የምታምረው ሽቅብ ስለምትታይ ነው።

ለእውነት ለመናገር ግን ብሪጁ የሚያሸንፍባቸው ቦታዎች አሉ። ጮቄ ላይ ወፍ ለማንሳት፣ ከዓባይ ገደል አፋፍ ማዶውን ለማየት፣ የኳስ ሜዳ ጠርዝ ላይ ለመቆም፣ በ18–55 ምንም አታመጡም። አቧራ ባለበት መንገድ ላይ ሌንስ መቀየርም ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ አንዴ ሴንሰሩ ላይ ያረፈች ብናኝ በየፎቶው ሰማይ ላይ እንደ ዝንብ ተቀምጣ ትኖራለች። ብሪጅ ይህ ጣጣ የለበትም ይባላል። ግማሽ እውነት ነው። የብሪጅ ሌንስ በሞተር ወጥቶ የሚገባ ነው፤ ያ ቱቦ አንዴ አቧራ ከሳበ ወይም ከወደቀና ከተጣመመ ካሜራው በሙሉ ሞተ ማለት ነው። የዲኤስኤልአር ሌንስ ቢሰበር ሌንሱን ትቀይራላችሁ።

ባትሪም አለ፤ ይህን ከተማ ያለ ሰው ይረሳዋል። በፋብሪካዎቹ መለኪያ 2000ዲ በአንድ ሙሌት 500 ያህል፣ ኒኮን ዲ3500 ደግሞ 1,550 ያህል ያነሳል። ፒ1000 250 ላይ ያበቃል። ሁለት ቀን መብራት በጠፋበት ሳምንት ይህ ቁጥር ከሜጋፒክስሉ ሁሉ ይበልጣል።

አሁን ደግሞ ስለ ዙም በዋናነት ልለው የፈለግሁትን ልበል።

ያ ብሪጅ ካሜራ ከሠርጉ በኋላም አብሮኝ ቆይቷል። አንድ ቀን እዚያው ቢቸና ለቀብር ሄጄ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ማዶ ቆሜ፣ በዙም አንዲት እናት አነሳሁ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እጇን አናቷ ላይ አድርጋ። ፎቶው ጥሩ ነበር፤ ቀን ስለነበር ብርሃኑም አልጎደለም። አንድ ቦታ ታትሞ ትንሽ ገንዘብ ተከፈለኝ። ከወራት በኋላ ልጇ አገኘኝ። አልተጣላኝም። «እዚያ ድረስ ከመጣህ ምነው ገብተህ እግዜር ያጥናችሁ ሳትል ቀረህ? ብትጠይቀን እንከለክልህ ነበር?» ነው ያለኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱ፣ ካሜራው እንድገባ አላስፈለገኝም ነበር።

50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይህን አይፈቅድላችሁም። ፊት ማንሳት ከፈለጋችሁ ሁለት ሜትር ድረስ መቅረብ፣ ሰላም ማለት፣ ማን እንደሆናችሁ መናገር አለባችሁ። ስማቸውን ትጠይቃላችሁ፤ ስም ያለው ፎቶ ደግሞ ማስረጃ ነው። «ይህ ሞጣ አይደለም» የሚል ቢመጣ የሚመልሰው ሰው አለ። በዚህ ጊዜ በምሥራቅ ጎጃም መንገድ ላይ ረጅም ሌንስ ዘርግቶ ወደ ሩቅ ማነጣጠር ለሚያየው ሁሉ ምን እንደሚመስልም እናንተው ታውቁታላችሁ። ከዩኒፎርሙም ከጫካውም ወገን «ምን ትሰልላለህ?» የሚል አይጠፋም። ለልጁም ነግሬዋለሁ፤ ነገሩ ሲከፋ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ከትቶ ቤቱ ይግባ። የትኛውም ፎቶ የእሱን ነፍስ አያህልም።

«ጋዜጠኛ ከአደጋ ርቆ እንዲያነሳ ዙም ያስፈልገዋል» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ገብቶኛል። ለእነሱ መልሴ 55–250 የምትባለው ሌንስ ናት፤ እሷም 2000ዲ ላይ ትገጥማለች፤ የ400 ሚሊ ሜትር ያህል እይታ ትሰጣለች። ሥራዬን ዘወር ብዬ ሳየው ከዚያ በላይ ርቀት ያስፈለገኝ ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው።

ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ጥቂት ነገር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቀው በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ፤ የካሜራ ዋጋም ተከተለው። አዲስ ዕቃ ለእኛ ቢጤው ሩቅ ነው። መልካሙ ዜና ካነንና ኒኮን ፊታቸውን መስታወት አልባ ወደሚባሉት ካሜራዎች ማዞራቸው ነው፤ ዓለም ዲኤስኤልአሩን እየጣለ ስለሆነ ያገለገለው ሞልቷል። ካነን ኢኤፍ የሚባሉት ሌንሶች እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የተሠሩት ሁሉ 2000ዲ ላይ ይገጥማሉ። ኒኮን ከሆነ ተጠንቀቁ፤ እንደ ዲ3500 ያሉት ውስጣቸው የፎከስ ሞተር ስለሌላቸው የድሮ ሌንስ በእጅ ካልሆነ አያስተካክሉም። ስትገዙ ነጭ ግድግዳ አንሱበትና ነጥብ ፈልጉ፤ ስንት ፎቶ እንዳነሳም ጠይቁ። ቪዲዮ ቃለ ምልልስ ለምትሠሩ 2000ዲ የማይክ መሰኪያ የለውም፤ 250ዲ አለው። ብሪጅ ካላችሁኝ ደግሞ እንደ ፓናሶኒክ ኤፍዜድ1000 ያለውን ባለ አንድ ኢንች ሴንሰር ፈልጉ፤ ዙሙ 16 እጥፍ ብቻ ነው፣ ሴንሰሩ ግን ከትንንሾቹ አራት እጥፍ ይሰፋል። እሱን ብታገኝልኝ ኖሮ ከልጁ ጋር ይህን ያህል አልከራከርም ነበር።

ትናንት ማታ መልሶ ደወለ። በነገሩ አምኗል፤ ችግሩ አባቱ ናቸው። ሻጯ ዘንድ ይዟቸው ሄዶ ሁለቱንም አሳይቷቸዋል። አጎቴ ብሪጁን ተቀብለው ወደ ማዶ ተረተር አነጣጠሩ፤ የጎረቤት ከብት ማሳቸው ውስጥ ገብቶ አዩ። «ይኸን ነው የምንገዛው» አሉ። ወይፈኑ የእሳቸው ነበር፤ ምን ይባላል? ልጁ እስከ ሰኞ ቀጠሮ ይዟል። እኔም ነገ ለአጎቴ ልደውልላቸው ነው፤ ስለ ሴንሰር ሳይሆን ስለዚያ የቢቸና ሠርግ ልነግራቸው አስቤያለሁ።