አምቡላንሱ እስኪደርስ፦ ለሸዋ ሮቢትና ለይፋት ቆላ ነዋሪዎች ማሳሰቢያ

እባብ የነደፈውን ሰው እግር በገመድ አንቆ ማሰር፣ ጥርሱ ያረፈበትን ቦታ በምላጭ መብጣት፣ መርዙን በአፍ መምጠጥ። ይህ ሁሉ የሚደረገው በቅን ልብ ነው፤ ሦስቱም ግን ይጎዳሉ። የታነቀ እግር ደም ስለማይደርሰው ሊሞትና እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። የአንዳንድ እባቦች መርዝ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ፣ በምላጭ የተበጣው ቦታ መድማቱን አላቆም ይላል። መምጠጥም ወደ ሰውነት የገባውን መርዝ አያወጣም።

በእኛ አገር የሚረዳ ሰው አላነሰም። አደጋ ደረሰ ሲባል ሠፈሩ በሙሉ ይሮጣል፣ ያለውን ይዞ ይደርሳል። የሚያንሰን፣ የሮጠው ሰው ደርሶ ምን ማድረግ እንዳለበትና ከምን መታቀብ እንዳለበት ማወቁ ነው። ይህ ደግሞ በጥቂት ቀናት ሥልጠና የሚገኝ እውቀት ነው።

ማሽላ ሲጠብቅ ማማ ሥር የሚያድር ወጣት፣ ነዶ የምታነሳ እናት፣ ከብት ይዞ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ የሚውል እረኛ፣ ሁሉም ከእባብ ጋር አንድ ሜዳ ይጋራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን በ2009 ዓ.ም. ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ መድቦታል፤ በብዛት የሚጎዳውም እንዲህ ከሕክምና ርቆ የሚኖረውን ገበሬና አርብቶ አደር ነው። ስለዚህ ሰው ሲነደፍ አረጋጉት፤ ተቀምጦ ወይም ተኝቶ ይቆይ እንጂ አይሩጥ፣ በእግሩም አይሂድ። ቀለበት፣ አምባርና ጫማውን እብጠቱ ሳይመጣ አውልቁለት። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንደ ስብራት ቀጥ ባለ እንጨት ደግፋችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ፤ ከዚያ ተሸክማችሁ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት። እባቡን አሳድዶ ለመግደል የሚጠፋው ጊዜ ከተነደፈው ሰው ዕድሜ የሚቀነስ ነው፤ ሌላ ሰውም ሊያስነድፍ ይችላል።

ከእባቡ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ግን በየቤቱ ጥግ የተቀመጠው የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። በቀወት የመስኖ ማሳዎች ሽንኩርትና ማሾ የሚያመርት ገበሬ የፀረ ተባይ ኬሚካል ሳይጠቀም የሚከርምበት ወቅት ጥቂት ነው። ኬሚካሉ ከዋናው ዕቃ ተቀንሶ በውሃ ጠርሙስ ሲቀመጥ፣ በቆላ ሙቀት የተጠማ ሕፃን ውሃ ነው ብሎ ያነሳዋል። ያኔ ወተት መጋት ወይም ጣት ጉሮሮው ውስጥ ከቶ ማስመለስ የለመድነው ነገር ነው። ተውት። የሚያስመልስ ልጅ፣ በተለይ ራሱን ከሳተ፣ ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ የጠጣው ነጭ ጋዝ ከሆነ ደግሞ አደጋው የባሰ ነው። ምራቁ ከተዝረበረበ፣ ካላበው፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበና መተንፈስ ካቃተው መርዙ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው። ኬሚካል የነካውን ልብስ አውልቁ፣ ገላውን በብዙ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ የራሳችሁን እጅ በፌስታልም ቢሆን ሸፍኑ። ራሱን ከሳተና የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። ኬሚካሉ የመጣበትን ዋናውን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ሐኪሙ የመርዙን ዓይነት ካላወቀ ማርከሻውን ለመምረጥ ይቸገራል።

መንገዱም አለ። ከጣርማበር ብርድ ወደ ሮቢት ሙቀት የሚወርደው ቁልቁለት ጭነት የያዘን መኪና ፍሬን ይፈትናል፤ ሜዳው ላይ ደግሞ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ግመልና ከባድ መኪና አንድ አስፋልት ይሻማሉ። መኪና ሲገለበጥ ሰው ይሰበሰብና ተጎጂውን አራት ሆኖ እጅና እግሩን ይጎትታል። አንገቱ ወይም አከርካሪው የተጎዳ ሰው በዚያ ጉተታ ዕድሜ ልኩን ሽባ ሊሆን ይችላል። እሳት ወይም ሌላ ቅርብ አደጋ እስካልመጣ ድረስ ባለበት አቆዩት፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ አንገቱ እንዳይታጠፍ ይጠብቅ። ደም የሚፈስበትን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ፣ ከሌለ በነጠላ ወይም በሽርጥ ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑት። ጨርቁ በደም ቢርስ በላዩ ሌላ ጨምሩ እንጂ የመጀመሪያውን አታንሱ። በየደቂቃው እያነሱ ማየት የረጋውን ደም እንደገና ይከፍተዋል።

የተቆረጠ ቁስል ላይ የተፈጨ ቡና መነስነስ፣ የተቃጠለ ቆዳ ላይ ሊጥ፣ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት የቤታችን ልማድ ነው። ቁስሉን ያቆሽሻሉ፤ ሙቀቱንም ውስጥ ያፍኑታል። ለቃጠሎ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ነው፤ ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት። የሚጥል በሽታ ለጣለው ሰው ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ ወይም ሌላ ብረት መክተት ምንም አይፈይድም፤ ጥርሱን ሊሰብር፣ ትንፋሹንም ሊዘጋ ይችላል። በዙሪያው ያለውን ድንጋይና ስለት አርቁ፣ ከራሱ ሥር ልብስ አድርጉ፣ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ አስተኙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና ይሂድ። ራሱን ለሳተ ሰው ማንም ውሃ አያጠጣ።

ስለ ወጌሻም ልበል፤ ብዙ ቤት የሚታመን ስለሆነ። ስብራት አጥብቆ ታስሮ ጣቶቹ የደነዘዙ፣ የቀዘቀዙ ወይም የጠቆሩ ልጅ ካለ፣ የነገውን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ማሰሪያውን ፈታችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ውሰዱት። በዚህ ምክንያት እጃቸውን የተቆረጡ ሕፃናት በአገራችን ሆስፒታሎች ጥቂት አይደሉም።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ስልክ 907 ነው። ከሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ሐኪም ግዛው ሆስፒታል ግን ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ያውም ዳገት ነው። በቅርብ ዓመታት እንዳየነው መንገዱ በጦርነት የሚዘጋበት ቀን አለ። መሬቱም ቢሆን ዝም ያለ መሬት አይደለም፤ በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ መጀጤን አፈራርሷል፣ በ2017 ዓ.ም. ከወደ ፈንታሌ የተነሣው ንዝረትም ብዙ ቤት እንቅልፍ ነስቷል። እንዲህ ባለ ቀን አንድ አምቡላንስ ለስንቱ ይደርሳል?

ቀይ መስቀል በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ አገሪቱ ውስጥ ያለ ማኅበር ነው፤ የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠናም ይሰጣል። ጥያቄው ከእኛ መምጣት አለበት። እድራችንና ቅሬያችን ድንኳን፣ ድስትና ወንበር ገዝተው አስቀምጠዋል፤ ሁሉም፣ ሰው ከሞተ በኋላ የሚያስፈልግ ዕቃ ነው። ከዚያው መዋጮ ቃሬዛ፣ ንጹሕ ፋሻና ጓንት ይገዛ። ከየመንደሩ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ይመረጡና ይሠልጥኑ። ባጃጅ ነጂዎች ይቅደሙ፤ አደጋ ቦታ ከማንም በፊት የሚደርሱት እነሱ ናቸው። መምህራንና የጥበቃ ሠራተኞች ይከተሉ። የሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ሲጠራ፣ ሰብሳቢው መዝገቡን ከመዝጋቱ በፊት ይህን ጉዳይ አንሱና ስማችሁን አስመዝግቡ።