ፋሻው እስኪፈታ

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ አንድ አንጋፋ ሐኪም ስለ ድሮው የሕክምና ትምህርት ሲያወጉ ሰማሁ። ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ ደስ እያለኝ ሳዳምጥ ቆየሁና አንድ ቦታ ላይ ደሜን አፈሉት። «በእኛ ጊዜ ተማሪ ፕሮፌሰሩ ፊት አፉን አይከፍትም ነበር» አሉ። «የዛሬ ልጆች ግን ገና የበሽተኛውን ስም ሳያውቁ ጥያቄ!» ጋዜጠኛውም አብሮ ሳቀ።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ጠባዬን ታውቃላችሁ። ዝም ያለ ተማሪ ጨዋ ነው ከሚለው ወገን ጋር የቆየ ቂም አለኝ፤ ባሰኘኝ ቁጥር እመዘዋለሁ። ዛሬም አሰኝቶኛል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ለንደን፣ ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመታት በኋላ። ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ የዓይን ሐኪም ሞራ ሲገፍ አንድ የሕክምና ተማሪ አጠገቡ ቆሞ ያያል። ሥራው ሲያልቅ ተማሪው፣ ባወጡት ሌንስ ፋንታ ሌላ አለመተካቱ ያሳዝናል አለ። በዚያ ዘመን ምትክ የሚባል ነገር የለም። የጠየመው ሌንስ ይወጣል፣ ዓይኑ ባዶውን ይቀራል፣ በሽተኛው ቀሪ ዕድሜውን የጠርሙስ ቂጥ በሚያክል መነጽር ይገፋል። አንድ የእኛ አገር ተማሪ እንዲህ ቢናገር ምን እንደሚባል እናንተው ጨርሱት።

ሪድሊ አልተቆጣም። ነገሩ በውስጡ ሲብላላ የኖረ ነውና የልጁ ቃል ወደ ሥራ ገፋው። በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የገባባቸው አብራሪዎች ነበሩ። ዓይን ባዕድ ነገር አይወድም፤ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይቆጣል። የዚያ ግልጽ ፕላስቲክ ስባሪ ግን ለዓመታት ተቀምጦ ምንም አላደረገም። ሪድሊ ከዚያው ከፕላስቲኩ ዘር፣ ሬይነር በተባለ የመነጽር ድርጅት ሌንስ አሠራ። በ1949 መጨረሻ ለአንዲት የ45 ዓመት ሴት ሞከረው፤ በ1950 መጀመሪያ ላይ ለዘለቄታው አስቀመጠላቸው። ልኩ ተሳስቶ ሴትዮዋ ሩቁን ማየት በጣም ተቸገሩ። ሌንስ ዓይን ውስጥ ተቀምጦ መኖር መቻሉ ግን ታወቀ።

ለባልደረቦቹ ሳይናገር ቆየና በ1951 ኦክስፎርድ ላይ፣ በዓይን ሐኪሞች ጉባኤ፣ ሁለት በሽተኞች ይዞ ቀረበ። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ሰር ስቱዋርት ዱክ ኤልደር ነበሩ። የንጉሡ የዓይን ሐኪም ናቸው፤ የዘመኑ ሐኪም ሁሉ የሚማርባቸውን ዳጎስ ዳጎስ ያሉ መጻሕፍት የጻፉ ሰው ናቸው። በሽተኞቹን ይመልከቱ ሲባሉ እምቢ አሉ። እስቲ አስቡት፦ ዕድሜ ልካቸውን ዓይን ያጠኑ ሰው፣ እይ ሲባሉ አላይም አሉ! ሰውየው ያልተማሩ ስለነበሩ አይደለም፤ የማወቃቸውን ያህል አውቀው ስለጨረሱ ነው።

ሪድሊ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሲብጠለጠል ኖረ። አሜሪካ ውስጥ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው እንዲህ ያለውን ሌንስ ያጸደቀው በ1981 ነው። እርጅና ሲመጣ ሪድሊ ራሱም ሞራ ያዘውና በዚያው በቅዱስ ቶማስ ሌንስ ገባለት። በ2000፣ በ93 ዓመቱ፣ «ሰር» ተባለ፤ በማግስቱ ዓመት አረፈ።

ቅዱስ ቶማስን ካነሳሁ አይቀር፣ ከዚያው ሆስፒታል የወጣ ሌላ ሰው ትዝ አለኝ፤ እሱን ሳላማ አላልፍም። ጆን ቴይለር ይባላል፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው፣ ቼስልደን በተባለው ታላቅ ቀዶ ሐኪም እጅ የተማረ። ትምህርት አላነሰውም ማለት ነው፤ የንጉሥ ዳግማዊ ጆርጅ የዓይን ሐኪም እስከ መባል ደርሷል። ሠረገላውን በዓይን ሥዕል አስጊጦ አውሮፓን ይዞራል። ከተማ ሲገባ መጀመሪያ ረጅም ዲስኩር ያሰማል፣ ከዚያ በመርፌ ሞራውን ከብርሃኑ መንገድ ገፍቶ ወደ ዓይኑ ግርጌ ይጥለዋል፣ ዓይኑን በፋሻ ያስራል። ፋሻው ለቀናት አይፈታም። ሲፈታ ቴይለር ሌላ አገር ነው። ሙዚቀኛው ባኽ በ1750 ላይፕሲግ ላይ ሁለት ጊዜ እጁ ገብቶ በዚያው ዓመት ሐምሌ ሞተ። ሌላው ሙዚቀኛ ሄንድልም አልቀረለትም።

ቴይለር ብልጣብልጥ ነበር ብለው የሚያልፉት አሉ፤ ለእኔ ጥፋቱ ከዚያ ይብሳል። የሠራውን ቆሞ ያላየ ሰው ሺህ ዓይን ቢወጋ አንድ ነገር አይማርም። ዱክ ኤልደር የሌላውን ሥራ አላይም አሉ፣ ቴይለር የራሱን።

ወደ አገራችን ልምጣ። በ2006 በወጣው ብሔራዊ ጥናት መሠረት ዓይነ ስውር ከሆኑት ወገኖቻችን ግማሽ ያህሉን ብርሃን ያሳጣው ይኸው ሞራ ነው። ትራኮማ ደግሞ አለ፤ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌንን ሲፍቅ የሚኖር፣ እናቶቻችን ወረንጦ ይዘው የሚታገሉት። የዓይን ሐኪም ከከተማ አይወጣም፤ ቢወጣም ቁጥሩ አይበቃም። ታዲያ ነርሶች ሠልጥነው ይቅደዱ ሲባል «ቢላ በማን እጅ!» ተብሎ ነበር። የእኛው አገር ተመራማሪዎች ግን አልተከራከሩም፦ የትራኮማ ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለዓይን ሐኪም፣ ግማሹን ለሠለጠነ የጤና ባለሙያ ሰጡ። ከወራት በኋላ ተመልሰው የሁሉንም ዓይን አዩ። ውጤቱ በ2004 ታተመ፤ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም። ይኼን ጥናት ስንቱ የሕክምና ተማሪ አንብቦት ይሆን?

የሞራ ዘመቻ ዜና በየጊዜው እንሰማለን። ፋሻው ሲነሳ እልልታው፣ እናት የልጅ ልጃቸውን ፊት ሲዳስሱ፤ እኔም አለቅሳለሁ፣ አልዋሽም። ግን የሚነገረን ስንት ሰው ዓይኑ እንደተሠራ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ስንቱ ጣት ቆጠረ፣ የስንቱ ዓይን መልሶ ተቆጣ፣ እሱን የሚዘግብ ካሜራ አላየሁም። እስቲ ከባልደረቦቼ አንዱ ከሁለት ወር በኋላ ወደ አንዱ ወረዳ ይመለስ። የነዳጁን አዘጋጃችን ይችላሉ፤ እሳቸውን እኔ አነጋግራለሁ።