ጽዋው ይለወጥ፣ ማኅበሩስ የራሳችን ነው

ከአዘዞ እስከ ደባርቅ፣ መጠጥ የጸናበት ሰው ነገር በተነሣ ቁጥር፣ በሽማግሌውም በተማሪውም አፍ የሚሰማ አንድ አስተያየት አለ፤ ይኸውም፣ ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚሹ ሰዎች በአንድነት ተቀምጠው የደረሰባቸውን የሚነጋገሩበት ጉባኤ የፈረንጅ ፈሊጥ ስለ ሆነ ለእኛ አይስማማም፣ የእኛ ሰው ገመናውን ለንስሐ አባቱ እንጂ ለጉባኤ አይገልጥም የሚል ነው። ይህን ከሚሉት መካከል የማከብራቸው ሊቃውንት አሉ፤ ነገር ግን ስሕተት ሊቅ ስለ ተናገረው እውነት አይሆንም።

ለአሳባቸው የኖኅን ታሪክ ምስክር ይጠራሉ፤ አባታቸው ከወይኑ ጠጥቶ ዕራቁቱን በተኛ ጊዜ ካም አይቶ አወራ፣ ሴምና ያፌት ግን ሸፈኑ፣ እንግዲህ የሰካራም ነገር ይሸፈን ይላሉ። ሴምና ያፌት ግን ፊታቸውን መለሱ እንጂ አባታቸውን ትተው አልሄዱም፤ አንዱን ልብስ ሁለቱ በትከሻቸው አድርገው፣ የኋሊት እየተራመዱ፣ እስከ ወደቀበት ድረስ ገቡ። እንግዲያስ ታሪኩ የሚያስተምረን አይቶ እንዳላየ ማለፍን ሳይሆን፣ አንድ ትከሻ ብቻውን የማይችለውን መሸፈኛ በሁለት ትከሻ መያዝን ነው።

የፈረንጅ ነው የተባለውም ቢሆን፣ አነሣሡን ላየ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ፣ ለሥራ ሄዶ ጉዳዩ ያልቀናለት ቢል ዊልሰን የተባለ የአክሲዮን ነጋዴ፣ መጠጥ ከተወ ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖት ሳለ፣ በሆቴሉ አዳራሽ በአንድ ወገን የመጠጥ ቤቱ ሳቅ ሲጠራው፣ በሌላው ወገን የቆመውን ስልክ መርጦ ለአንድ ቄስ ደወለ፤ በዚያም መንገድ ቦብ ስሚዝ ከሚባል፣ እርሱም መጠጥ ካሸነፈው ሐኪም ጋር ተገናኘ፤ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር ከሁለቱ ጨዋታ ተወለደ። ከ12ቱ ደረጃዎቹ አምስተኛው በደልን ለእግዚአብሔር፣ ለራስና ለሌላ ሰው መናዘዝ ነው። «እግዚአብሔር ይፍታሕ» ሲባል ሰምቶ ያደገ የጎንደር ሰው ይህን ባዕድ ሊለው እንደምን ይችላል?

ነገር ግን ወደ አክሮን መሄድ ሳያሻን፣ እያንዳንዳችን በየቤታችን ያለውን የጽዋ ማኅበር እንመልከት። በሚካኤል ወይም በማርያም ስም የተሰበሰቡ ጎረቤቶች በየወሩ፣ በ12ኛው ወይም በ21ኛው ቀን፣ በተረኛው ቤት ይቀመጣሉ፤ ሙሴ የሚሉት አለቃ አላቸው፤ ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣሉ ሁለት አባላት ቢኖሩ ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ አይቀምሱም፤ በመጨረሻም ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል፤ ያም ሰው ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይዞት በሄደ ጊዜ፣ የሚወስደው ዕቃ ብቻ ሳይሆን «ከወር በኋላ እጠበቃለሁ» የሚል ቃል ኪዳን ነው። ከመጠጥ የሚላቀቅ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይሻል? ቀኑ የታወቀ ጉባኤ፣ ቢቀር የሚጠይቀው ወንድም፣ ቢወድቅ የሚያስታርቀው ሽማግሌ፣ ተራውም ሲደርስ ሌላውን የሚያስተናግድበት ክብር፤ ይህ ሁሉ በእጃችን ነው። የጎደለ ነገር ቢኖር፣ ጽዋው የሚሞላው በጠላ መሆኑ ብቻ ነው።

ይህም ጉድለት ቀላል አለመሆኑን አልክድም። በሠርግም በተዝካርም «በሞቴ» እየተባለ ዋንጫ ሲዘረጋለት፣ ብቻውን የቆመ ሰው ስንት ጊዜ እምቢ ሊል ይችላል? የጋባዡን ሞት ከማቃለል የራሱን ሞት ይመርጣልና ይጠጣል። አብረውት እምቢ የሚሉ ሦስት ሰዎች በአጠገቡ ቢቀመጡ ግን፣ እምቢታው ነውር መሆኑ ቀርቶ ሥርዐት ይሆናል። ደግሞስ አባቶቻችን ለማይጠጣ እንግዳ ያልፈላ ብርዝ ማቅረብን ያውቁ የለምን? ብርዝ በጽዋው ቢገባ የትኛው መልአክ ይቀየማል?

ጎንደር ትንሽ ከተማ ናት፣ ሁሉ ይተዋወቃል፣ ምሥጢር አይጠበቅም የሚሉም አሉ። ለእነዚህ መልሴ አጭር ነው፤ በአራዳ መንገድ ሲንገዳገድ አገር ያየው ሰው፣ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ቢታይ የሚያፍረው ለምንድን ነው? ጠበል ይበቃል ለሚሉትም ጠበሉን አልነቅፍም፤ ከጠበሉ ማግሥት ግን በሽተኛው የሚመለሰው ወደዚያው ሰፈር፣ ወደዚያው አረቄ ቤት ደጃፍ ነው። ለብዙ ዘመን በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥና መውደቅ፣ ሞትም ሊያገኘው ስለሚችል፣ አስቀድሞ ለሐኪም፣ ለምሳሌ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለሚገኙት የአእምሮ ሐኪሞች፣ ሊታይ ይገባዋል፤ ይህ ግን ማኅበሩን የሚቀድም እንጂ የሚተካ አይደለም።

ስለዚህ ጉባኤውን ለማግኘት የሚሻ ሰው ሩቅ አይፈልግ፤ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፣ ሐኪሙን ይጠይቅ፣ እንደ እርሱ የደከመ ጎረቤቱን በር ያንኳኳ፤ ሁለት ከሆኑ ልብሱን የሚሸከም ትከሻ ሞልቷል። በየአጥቢያው አንድ የብርዝ ጽዋ ብቻ ቢነሣ፣ ከአዘዞ እስከ ደባርቅ ያለው አረቄ ቤት ሁሉ በአንድ ትውልድ ዕድሜ በሩን እንደሚዘጋ አልጠራጠርም።