ጥቁር ድብ ቢያጋጥምዎ

ድብን የሚያውቁት ከየት ነው? ከመጽሐፍ ቅዱስ ከሆነ ዳዊት የአባቱን በጎች ሲጠብቅ አንበሳና ድብ መግደሉን ያስታውሳሉ። ከትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ ኤዞፕ የተባለው የግሪክ ተረተኛ ተናገረው የሚባለውን የሁለቱን ጓደኛሞች ተረት አይረሱትም። ሁለቱ በጫካ ሲሄዱ ድብ መጣባቸው፤ አንደኛው ባልንጀራውን ጥሎ ዛፍ ላይ ወጣ፤ ሌላው መሸሻ ቢያጣ ከመሬት ተጋድሞ የሞተ መሰለ፤ ድቡም ፊቱንና ጆሮውን አሽትቶ ትቶት ሄደ። ከዛፍ የወረደው ጓደኛ ድቡ በጆሮህ ምን ነገረህ ብሎ ቢጠይቀው፣ በመከራ ቀን ጥሎ ከሚሸሽ ሰው ጋራ መንገድ እንዳልሄድ መከረኝ ሲል መለሰለት።

ተረቱ ያማረ ነው፤ ምክሩም እውነት ነው። ዳሩ ግን በተረቱ ውስጥ ሁለቱ ሰዎች ሕይወታቸውን ያተረፉባቸው ዘዴዎች፣ ማለት ዛፍ ላይ መውጣትና የሞቱ መምሰል፣ በየትም አገር ለየትኛውም ድብ የሚሠሩ አይደሉም። በሰሜን አሜሪካ ጫካ ውስጥ ጥቁር ድብ ቢመጣበት ከሁለቱ አንዱን የሚሞክር ሰው ነፍሱን ለተረት አደራ ሰጠ ማለት ነው።

«በአገሬ ድብ የለም፤ ይህ ወሬ ለእኔ ምን ይረባኛል?» ይሉኝ ይሆናል። እውነትዎን ነው። ዛሬ በአፍሪካ ምድር የዱር ድብ የለም፤ በሰሜን አፍሪካ በአትላስ ተራሮች ይኖር የነበረውም ዘሩ ከጠፋ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገር ግን ይህን ገጽ ከሚያነቡት መካከል ነገ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ወይም ወደ ካናዳ የሚሄድ አይታጣም፤ ወንድሙ ወይም እኅቱ እዚያ የሚኖሩለትም ብዙ ነው። እጅግ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከዋሽንግተን ከተማ ወደ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዙ በቨርጂኒያ ግዛት ሼናንዶዋ የሚባለውን ብሔራዊ ፓርክ ያገኛሉ፤ በዚያም ጥቁር ድብ ይኖራል። እሑድ ቀን ዳቦና ቋንጣ ቋጥሮ ተራራ ለማየት የወጣ ሰው ከድብ ጋራ ቢገናኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና፣ ዕውቀቱን አስቀድሞ መታጠቅ ይሻላል።

ለመሆኑ ጥቁር ድብ እንዴት ያለ አውሬ ነው? ከአላስካና ከካናዳ አንሥቶ እስከ ሰሜን ሜክሲኮ ድረስ ይገኛል፤ ቍጥሩም ከግማሽ ሚሊዮን እንደሚበልጥ ይገመታል። ስሙ ጥቁር ይባል እንጂ ቡናማም ዳማም አለበት። ጎልማሳው ወንድ 100 ኪሎ ቢመዝን የተለመደ ነው፤ ከ200 ኪሎ የሚበልጥም ይገኛል። ይህን ያህል ገላ ተሸክሞ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። አብዛኛው ምግቡ ሣርና ቅጠል፣ የዱር ፍሬና ጉንዳን ነው። በረዶ የሚወርድበትን ወራት በጉድጓድ ተኝቶ ሳይበላ ስለሚያሳልፍ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት የቀን የሌት ሥራው ሆዱን መሙላትና ስብ ማከማቸት ነው። አፍንጫውም እጅግ ስል ስለ ሆነ የእርስዎን ቋንጣ ከሩቅ ያሸተዋል።

ልጆች አቅፈውት የሚተኙት የጨርቅ ድብ የመጣውም ከዚሁ አውሬ ነው። በ1902 (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት በሚሲሲፒ ግዛት ለአደን ወጥተው ሳሉ፣ አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች አንድ ጥቁር ድብ ከዛፍ ጋራ አስረው ይተኩሱበት ዘንድ አቀረቡላቸው። እሳቸው ግን የታሰረ አውሬ መግደል ለአዳኝ ክብር አይደለም ብለው እምቢ አሉ። ነገሩ በጋዜጣ ሥዕል ሆኖ ስለ ወጣ ዝናው ተሰማ፤ በእሳቸውም ቅጽል ስም «ቴዲ» የተባለው የመጫወቻ ድብ ተሠርቶ ዓለምን ሞላ። መጫወቻው ደግ ነው፤ ክፉው ነገር እውነተኛውን ድብ እንደ መጫወቻ መቁጠር ነው።

የሎውስቶን በተባለው ታላቅ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። በዚያ ጎብኝዎች መኪናቸውን በመንገድ ዳር እያቆሙ ለድብ በእጃቸው ያጎርሱት ነበር፤ ከሆቴሎቹ በሚወጣው የቆሻሻ ክምርም ድቦቹ ሲበሉ ማየት እንደ ትርዒት ይቆጠር ነበር። ታዲያ ከ1931 እስከ 1969 ባሉት ዓመታት በያመቱ በአማካይ 48 ሰዎች በድብ ይቈስሉ ነበር። በ1970 ፓርኩ አዲስ ደንብ አወጣ፤ የቆሻሻው ክምር ተዘጋ፤ ማጉረስ በጥብቅ ተከለከለ፤ ድብ የማይከፍተው የቆሻሻ ማጠራቀሚያም ተተከለ። ውሎ አድሮ የቁስለኛው ቍጥር በዓመት ወደ አንድ ሰው ወረደ። ድቡ ያው ድብ ነው፤ የተለወጠው የሰው ጠባይ ነው። ደግሞም የሰው ምግብ የለመደ ድብ ደፋር እየሆነ ስለሚሄድ በመጨረሻ በጥይት ይገደላል። ስለዚህ የፓርክ ጠባቂዎች ለድብ ማብላት ድብን መግደል ነው ይላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዶክተር ስቲቨን ሄሬሮ ስለ ድብና ስለ ሰው ግንኙነት ብዙ ዘመን የመረመሩ ሊቅ ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋራ በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ከ1900 እስከ 2009 ድረስ በአሜሪካና በካናዳ በዱር ጥቁር ድብ የተገደሉትን ሰዎች ቢቆጥሩ 63 ሆነው አገኟቸው። በ110 ዓመት 63 ሰው ማለት በዓመት አንድ ሰው እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ድብ አለ ብሎ ከጫካ መቅረት አያስፈልግም። ነገር ግን ከነዚህ አደጋዎች ውስጥ 88 ከመቶ የሚሆኑት ድቡ ተቈጥቶ ወይም ደንግጦ ያደረሳቸው አይደሉም፤ ሰውን እንደ አደን ቆጥሮ ሊበላው የመጣባቸው ናቸው። እንዲህ የሚያደርገውም ሁሉ ሰው የሚፈራት ግልገል የምትመራ እናት ሳትሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን የሚሄድ ወንድ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ የድብ ቍጣ ሁለት ዓይነት መሆኑንና ሁለቱን መለየት የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ነው።

አንደኛው ድብ ይጮኻል። ትንፋሹን እንደ ወናፍ ያስወጣል፤ መንጋጋውን ያንቋቋል፤ መሬቱን በመዳፉ ይመታል፤ አንዳንድ ጊዜም ወደ እርስዎ ተንደርድሮ መጥቶ ጥቂት ሜትር ሲቀረው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህ ሁሉ ሲታይ የሞት ደጅ ይመስላል። ነገር ግን ድቡ ራሱ ፈርቷል፤ የሚለው «ራቅ በልልኝ» ነው።

ሁለተኛው ድብ ዝም ይላል። ዓይኑን ከእርስዎ አይነቅልም፤ አንዴ ከዛፍ ጀርባ እየተሰወረ አንዴ እየታየ ይከተላል፤ ወይም ዞሮ በሌላ በኩል ይመጣል። ቢጮኹበት አይደነግጥም፤ ቢያፈገፍጉለት እሱ ይጠጋል። የሚያስፈራው ይህ ነው። በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት በአልጎንክዊን ፓርክ በ1978 ዓሣ ሊያጠምዱ የሄዱ ሦስት ወጣቶችን የገደለው አንድ ጥቁር ድብ ነበር። በዚያው ፓርክ በ1991 በሐይቅ ደሴት ላይ የሰፈሩ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በሌላ ጥቁር ድብ ሞቱ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ድቡ እርስዎን ሳያይ ካዩት በጸጥታ ተመልሰው ይሂዱ። ስልክዎን አውጥተው ፎቶግራፍ ለማንሣት አይጠጉት። አይቶዎት ከሆነ ከሁሉ በፊት አይሩጡ፤ ሯጭ አገር ነን ብለውም አይመኩ፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሮጠውን የሚያመልጥ ሰው ገና አልተወለደም፤ መሮጥም የሚታደን እንስሳ ምልክት ነው። ፊትዎን ወደ እሱ አድርገው ይቁሙ፤ በረጋ ድምፅ ያናግሩት፤ ሰው መሆንዎን ይወቅ። ሕፃን ካለ አንሥተው ይያዙ። የሚሸሽበትን መንገድ ትተውለት ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ያፈግፍጉ። የሚጮኸው ድብ ከሆነ በዚህ ብዙ ጊዜ ነገሩ ያበቃል፤ ተንደርድሮ ቢመጣም ቦታዎን ሳይለቁ ይቁሙ፤ ሲቆም እንደገና ያፈግፍጉ።

ዝም ብሎ የሚከተለው ከሆነ ግን ትሕትናው ያብቃ። እጅዎን ወይም ጋቢዎን ዘርግተው ትልቅ ይምሰሉ፤ ይጩኹ፤ ድንጋይና ዱላ ያንሡ፤ ይወርውሩበት። ስንቅዎን ግን አይጣሉለት፤ ሰውን ማስፈራራት ምግብ ያስገኛል ብሎ ይማራልና። ከያዘዎትም በእጅዎ በገባው ነገር ሁሉ ፊቱንና አፍንጫውን እየመቱ ይታገሉ። ሌሊት ድንኳን ውስጥ ገብቶ የሚይዝ ድብም እንደዚሁ ነው፤ የመጣው ለመብላት ነውና ዝም ብሎ መተኛት አይበጅም።

ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ ግን የሚገርም ሆኖ የጓዳችን ዘመድ ነው፤ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚረጭ በርበሬ። ሚጥሚጣን የሚያቃጥለው ያው ንጥረ ነገር በግፊት እየወጣ እንደ ጉም ይበተናል፤ የድቡንም ዓይንና አፍንጫ ይለበልበዋል። በአላስካ ከ1985 እስከ 2006 የተመዘገቡ አጋጣሚዎች ቢመረመሩ፣ ይህ ርጭት በጥቁር ድብ ላይ ከመቶ 90 ጊዜ ድቡን መልሶታል፤ ከያዙት ሰዎችም 98 ከመቶ ሳይቈስሉ ቀርተዋል። ድቡ ከ10 ሜትር ገደማ ውስጥ ሲገባ ፊቱ ላይ ይረጫል። የሚያዘውም በቀበቶ ላይ ነው፤ ከቦርሳ ሥር ተቀብሮ ቢገኝ ድቡ ፈልገው እስኪያወጡት አይጠብቅም። አንዳንድ ፓርክ ግን ይከለክለዋልና ደንቡን አስቀድመው ይጠይቁ።

አንድ ተማሪ ይህን በክፍል ስናገር «ታዲያ የተረቱ ሰዎች እንዴት ዳኑ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው መልካም ነው። ኤዞፕ የግሪክ ሰው ነው ይባላል፤ በግሪክ ተራሮች እስከ ዛሬ የሚኖረውም ድብ ቡናማው ድብ ነው። ቡናማው ድብ በትከሻው ላይ ጉብታ አለው፤ ጥፍሩም ረዥም ነው፤ ካደገ በኋላ ዛፍ ላይ መውጣት እንደ ጥቁሩ ድብ አይቀናውም። ግልገሏን ለመከላከል ብላ ሰውን የምትጥል ቡናማ ድብ፣ ሰውየው በሆዱ ተኝቶ ማጅራቱን በእጁ ሸፍኖ ጸጥ ቢል ጠላቴ አበቃለት ብላ ልትተወው ትችላለች። ጥቁሩ ድብ ግን ዛፍ እንደ ጦጣ ይወጣል፤ ሊበላ ለመጣውም ጸጥ ብሎ የተኛ ሰው የተዘጋጀ ማዕድ ነው። በአንድ አገር ያዳነ ዕውቀት በሌላ አገር እንደሚገድል ከዚህ ይመልከቱ።

የተረቱ ምክር ግን በሁሉም አገር የጸና ነው። በዶክተር ሄሬሮና በባልደረቦቻቸው ጥናት ሰው ከሞተባቸው አደጋዎች 91 ከመቶው የደረሱት ብቻውን በሚሄድ ሰው ወይም ሁለት ሆነው በሚጓዙ ሰዎች ላይ ነው። ሰብሰብ ብለው እየተጫወቱ በሚሄዱት ላይ ድብ አብዛኛውን ጊዜ አይደፍርም። እንግዲህ ጉዞው ወደ ሼናንዶዋም ቢሆን ወደ ካናዳ ጫካ፣ ስንቅዎን ድብ በማይከፍተው ዕቃ ይዝጉ፤ ከድንኳንዎ ርቀው ያብስሉ፤ በርበሬውን በወገብዎ ይታጠቁ፤ ብቻዎን አይሂዱ። ድቡ ቢመጣም ጓደኞችዎን አስጠግተው ትከሻ ለትከሻ ይቁሙ እንጂ ማንም ማንንም ጥሎ አይሽሽ።